ያልተነገረችው ማክሰኞ

አምስተኛው ሽማግሌ በሱቁ በር ብቅ ሲሉ ሳሪት መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ፣ «እግዚኦ!» አለች። ጮክ ብላ አልነበረም፤ ሽማግሌው ግን ሰሙ።

«ምነው ልጄ? ገና አልተናገርሁም እኮ!»

አያ ዳኛው ይባላሉ፤ የምንይችል አጎት ናቸው። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ የታኅሣሥን ብርድ ችለው፣ ጠዋት በመኪና ከዳባት ወርደዋል።

«ይናገሩ አያ ዳኛው፤ አረፍ ይበሉና ይናገሩ» አለች በርጩማ እያቀረበች። «ግን ላሳጥርልዎት። ‹ከሰው ስሕተት፣ ከብረት ዝገት አይጠፋም› ሊሉኝ ነው። ከእርስዎ በፊት የመጡት አራቱም ብለውኛል። እኔ የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ፤ ስለ ዝገት ማንም አያስተምረኝም።»

አያ ዳኛው አፋቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉት። መንገዱን ሙሉ ሲለማመዱት የመጡት እሱኑ ነበር።

ሳሪትን ያንገበገባት ግን የሽማግሌው መምጣት አልነበረም። ላኪው እዚያው መቀመጡ ነው። ምንይችል ከእሷ ሦስት እርምጃ ርቆ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ የስፌት መኪናው ላይ አቀርቅሯል። መኪናው ካቆመ ቆይቷል። ጆሮው ቀልቷል።

«ይኸውልዎት!» አለች በእጇ እያሳየች። «አንገቱን ቢያዞር ያየኛል። ቢያንሾካሹክ እሰማዋለሁ። እሱ ግን ደጋ ድረስ ወጥቶ ሰው ያስቸግራል!»

ጥግ ላይ ቁልፍ የምትተክለው እትዬ ባንቺአየሁ ሳቋን ለመደበቅ ክር በጥርሷ የምትበጥስ መስላ ጎንበስ አለች።

አያ ዳኛው ሲነሡ ከዘራቸውን ተደግፈው ጥቂት ቆሙ። «እንግዲያ አንድ ነገር ልጠይቅሽና ልሂድ። ጠልተሽዋል?»

ሳሪት መልስ አጥታ አታውቅም ነበር፤ አምስት ሽማግሌ ስትመልስ ምላሷ ስሏል። አሁን ግን መርፌዋን ፈልጋ አጣችው፤ ዓይኗ ሥር ሆኖ አጣችው። ብትጠላው ኖሮ ይህ ሁሉ ንዴት ከየት ይመጣ ነበር?

*

አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ጎንደር አራዳ፣ ከአንድ አሮጌ ፎቅ ሥር፣ አንድ ክፍል ሱቅ ተካፍለው ጀመሩ። እሱ ይቆርጣል፣ ይሰፋል፤ እሷ ትጠልፋለች። ቅዳሜ እሷ ሰንበቷ ነውና አትመጣም፤ እሑድ እሱ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። እሷ የእሱን ሥጋ አትበላም፤ እሱም የእሷን። ስለዚህ ምሳቸው ሁልጊዜ ሽሮ ነበር፤ እንደዚያ ሸጋ ሽሮ ግን ሁለቱም በልተው አያውቁም።

ሊጋቡ መስማማታቸውን እናቱ ሰምተው፣ «ከቀጥቃጭ ቤት ሚስት ልታመጣብኝ ነው?» ብለው ዓመት አኮረፉ። ምንይችል አልተበገረም። በየወሩ ዳባት እየወጣ፣ በር ላይ ቆሞ፣ «ከእሷ ሌላ አላገባም» ብሎ ይመለስ ነበር። በዓመቱ እናቱ ራሳቸው አንድ ቅል ቅቤ ይዘው ጎንደር ወረዱና ሳሪትን ጉንጯን ሳሟት። ሳሪት ያን ቀን፣ ይህን ሰው ዓይኔን ጨፍኜ አምነዋለሁ አለች። አመነችውም።

የእሷ ቤት ሌላ ነገር ነበረው። አባቷ ይባረክ ከገጠር ወደ ጎንደር የወረደው ወደ እስራኤል የሚሄድበትን ተራ ሊጠብቅ ነው፤ ሲጠብቅ ዐሥራ ስድስት ዓመት አለፈው። እዚያ ጥሩ የምትባል ታላቅ እኅት አለችው፤ እናቱ ሞታ እንደ እናት ያሳደገችው። ከተለያዩ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። የጉዞውን ተራ በሚይዘው ቢሮ ቅጽ ላይ የሚጠሩበት ስልክ ሲጠየቁ የአባቷ ስልክ አርጅቶ አይሰማም፤ የሳሪት በዚያው ሰሞን ገበያ ላይ ተሰርቆ ነበር። የምንይችልን ቁጥር ጻፉ። ከእሱ የቀረበ ማን ነበር?

በሚያዝያ አንድ ሐሙስ ቢሮው ደወለ። «የአቶ ይባረክ ቤተሰብ ማክሰኞ ለቃለ መጠይቅ ይቅረቡ።» ምንይችል፣ «እነግራቸዋለሁ» አለ። አልነገራቸውም። ማክሰኞ መጣች፣ አለፈች፤ ሳሪት ያን ቀን ምን እንደጠለፈች እንኳ አታስታውስም። ፋይላቸው ወደ ተራው መጨረሻ ተመለሰ።

ያወቀችው በመስከረም ነው። ተራቸውን ልትጠይቅ ሄዳ ሠራተኛዋ መዝገብ ገልጣ፣ «ደውለን ነበር እኮ! አንድ ወንድ አንሥቶ እነግራቸዋለሁ ብሏል» አለቻትና ቁጥሩን አነበበችላት። በቃሏ የምታውቀው ቁጥር ነበር። በደስታም በሕመምም ቀን የደወለችው ቁጥር።

ሱቁ ገብታ፣ «ነው?» ብቻ አለችው። እሱም፣ «ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ አላናገረችውም።

እንዳይለያዩ የኪራይ ውላቸው የሁለቱም ነው፤ ለጥምቀት የታዘዘው ልብስም እስከ ጣራው ተቆልሏል። ስለዚህ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ሦስት ወር ሠሩ። እሱ ቅዳሜ ለብቻው ሲሠራ ደብዳቤ ጽፎ በጨርቁ እጥፋት መሀል ይተዋል፤ እሷ እሑድ ለብቻዋ ስትመጣ ታገኘዋለች። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን አነበበች። ሁሉም «ይቅርታ» ብለው ጀምረው «ይቅርታ» ብለው ይጨርሳሉ፤ መሀላቸውም ያው ነው። አራተኛውን ሳትከፍት መሳቢያ ውስጥ ወረወረችው። እንደዚያም ሆኖ እሑድ እሑድ ጨርቁን ስትዘረጋ እጇ ቀድሞ የሚፈልገው ወረቀቱን ነበር፤ ይህ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ያበሽቃታል።

*

ፍንዳታው የመጣው በቀሚስ አንገት ነው።

አንዲት የእንፍራንዝ ሙሽራ ለጥር ሠርጓ ዐሥራ ሁለት የሚዜ ቀሚስ አዝዛ ነበር። ሳሪት ለእትዬ ባንቺአየሁ፣ «ንገሪው፤ ጥልፉ አራት ጣት ስለሆነ አንገቱን ጠበብ ያድርገው» አለቻት። እትዬ ባንቺአየሁ በማግሥቱ ለቅሶ ገጥሟት ሳትነግረው ቀረች። ምንይችል መጠየቅ ፈርቶ ቆረጠ። ዐሥራ ሁለቱንም።

ሳሪት አንዱን አንሥታ ብትዘረጋው አንገቱ የጋን አፍ መስሏል።

«ለምን አልጠየቅኸኝም?» ከሦስት ወር በኋላ ለእሱ የተናገረችው የመጀመሪያው ቃል ይህ ሆነ።

«አታናግሪኝማ!»

«ስለ ጨርቅ እኮ ነው! ስለ ጨርቅ ብትጠይቀኝ እገድልሃለሁ?»

«ትናንት ስለ ክር ብጠይቅሽ ለእትዬ ባንቺ ነው የመለስሽላት።»

እትዬ ባንቺአየሁ ቁልፎቹን ከጭኗ አራግፋ ተነሣች። «በሉ እኔ ወጣሁ! ሦስት ወር ሙሉ ሬዲዮ ሆኜ ከረምሁ። ሬዲዮም እኮ ባትሪ ይቀየርለታል! ተናገሩ፣ ተደባደቡ፣ የፈለጋችሁትን ሁኑ፤ ቁልፌን ግን እንዳትረግጡብኝ!» በሩን ከኋላዋ ጓ አደረገችው።

ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ምንይችል ከመኪናው ተነሣ። መክሳቱን ያን ጊዜ አየች፤ ባታይ በወደደች።

«ሳሪትዬ፣ ይቅር—»

«ተው!» ቀሚሱን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «ይቅርታህ ሰለቸኝ! ጠዋት ይቅርታ፣ በጨርቅ መሀል ይቅርታ፣ ከዳባት በመኪና ተጭኖ የሚመጣ ይቅርታ! አንተ ይቅርታ ጠይቀህ ትገላገላለህ። እኔስ? ማታ ማታ አባቴ ‹ለመሆኑ ያን ጊዜ ለምን ሳይደውሉልን ቀሩ?› ሲለኝ ምን እንደምለው ታውቃለህ? ‹ኔትወርክ ይሆናል አባዬ› እለዋለሁ። አንተ አንዴ ነው የዋሸኸው። እኔ በየማታው እዋሻለሁ፤ ያንተን ውሸት!»

ምንይችል እንደተመታ ሰው ደረቱን ያዘ። «አልነገርሻቸውም?»

«ምን ብዬ ልንገረው? ልጅህ የመረጠችው፣ ካላገባሁት ያለችው ሰው... ምን ብዬ?» ድምፅዋ ተሰበረ፤ መሰበሩም አናደዳት። «ለእናትህ ተናዘዝህ፣ ለአጎትህ ተናዘዝህ፣ ለንስሐ አባትህም ሳትነግራቸው አትቀርም። ግማሽ ዳባት ያውቃል! አንድ ሰው ብቻ ቀረ።»

«አያ ይባረክን... ዓይናቸውን እንዴት ብዬ አያለሁ?»

«እኔ በየቀኑ እንዴት የማየው ይመስልሃል?»

ሳሪት ነጠላዋን አንሥታ ወጣች። ውጭ ፀሐዩ ሞቅ ብሏል፤ ሰው ይሸጣል ይገዛል፤ እሷ ግን ሦስት ወር የያዘችው ነገር በመውጣቱ የተሰማት እፎይታ ይሁን ባዶነት አልለየችም።

*

ማግሥቱ ዓርብ ነበር። ሰንበት ሳይገባ ለመድረስ በጊዜ ዘግታ ወደ ቤት ስትሄድ፣ ከግቢው በር ላይ የሰው ድምፅ አስቆማት።

አባቷ ወናፉ አጠገብ በርጩማው ላይ ተቀምጧል። ምንይችል ፊት ለፊቱ ቆሟል፤ ሽማግሌ አላስከተለም።

«...ኔትወርክ አይደለም አያ ይባረክ። ተደውሏል። ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ የደበቅሁትም እኔ ነኝ።»

አባቷ መዶሻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ከዚያ፣ «ስንት ቀን ይዘኸው ዋልህ?» አለ።

«አምስት ቀን።»

«በአምስቱ ቀን ውስጥ ቤቴ መጥተሃል?»

«ሁለቴ።»

«ምን አበላሁህ?»

«ሽሮ።»

«ለምን አደረግኸው?»

«ሳሪት ትሄድብኛለች ብዬ ፈራሁ።»

«ፈራህ» አለ አባቷ፣ ቃሉን በእጁ መዝኖ እንደሚያስቀምጠው። «እኔም ፈርቻለሁ። ሠላሳ ዓመት ፈርቻለሁ፤ ጥሩን ሳላያት ትሞትብኛለች ብዬ። ፈርቼ የማንን መልእክት ደበቅሁ? የማንን ልጅ መንገድ ዘጋሁ?» ድምፁን አላነሣም፤ ቢያነሣ ይሻል ነበር። «እኅቴ ጥሩ በሚያዝያ ድምፄን ታውቀው ነበር። ደውዬ ‹እኅቴ› ስላት ‹ይባረክዬ› ትለኝ ነበር። አሁን ስደውልላት ‹ማን ልበል?› ትለኛለች። እርጅናው ጨርሶ አስረሳት። ያን ጊዜ ሄጄ ቢሆን ታውቀኝ ነበር። እስቲ ይህን መልስልኝ።»

ሳሪት ‹አሁን ይቅርታ ይላል› ብላ ጥርሷን ነከሰች። ምንይችል አላለም። እጁን ወደታች ዘርግቶ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ እንባው እየወረደ ቆመ። የማይመለስ ነገር መሆኑን ያወቀ ሰው አቋቋም ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ያዘነችለት በዚያች ሰዓት ነው።

አባቷ ቀና ሲል በሩ ላይ አያት። «አንቺስ? መቼ አወቅሽ?»

«መስከረም... አባዬ እኔ—»

«መስከረም።» ተነሣ። ጉልበቱን እየደገፈ ወደ ቤት ሲገባ በደፉ ላይ ቆመ። «እሱ ባዳ ነው። ባዳ ባዳ ነው። አንቺ ግን ልጄ ነሽ» አለ።

ከቁጣ ሁሉ የከፋው ይህ ሆነባት። በዳይዋን ስትቀጣ የከረመችው ሳሪት ራሷ በዳይ ሆና ግቢው መሀል ቀረች፤ የምትገባበት አጣች።

*

አባቷ ያን ሰንበት አላናገራትም። እሑድም፣ ሰኞም። እሷ ግን አላረፈችም። እግሩን ልታጥብ ውኃ አሞቀች፤ «ይቅር በለኝ አባዬ»። ራት አቀረበች፤ «ይቅር በለኝ»። ጎረቤታቸውን ወይዘሮ ሃናን ለምና አስገባች፤ እሳቸውም ስለ ስሕተትና ስለ ዝገት ተናገሩ።

ማክሰኞ ጠዋት አባቷ ቁራሹን አስቀመጠ። «ተይኝ እንጂ ልጄ! ይቅርታሽ ሰለቸኝ! ቁጣዬ ሲያልቅ እኔው እነግርሻለሁ። እስከዚያ ብዪና ወደ ሥራሽ ሂጂ!»

ሳሪት አፏን ይዛ ወጣች። ቁልቁለቱን ስትወርድ ሳቅ ቀደማት፤ ሳቁን እንባ ተከተለው፤ አንዲት መንገደኛ ሴት «ምነው እኅቴ፣ ደኅና ነሽ?» ብላ እስክትጠይቃት ድረስ አላቆመም። ይቅርታ መጠየቅ እንዲህ እንደሚያቃጥል ማን ነግሯት ያውቃል? ዝምታ ፊት ቆሞ የሚሉትን ማጣት?

ሱቅ ስትገባ ምንይችል ተነሥቶ ቆመ። እትዬ ባንቺአየሁ ዓይኗን ከአንዱ ወደ አንዱ አንከራተተች።

«አንገቶቹን በምን እንሙላቸው?» አለች ሳሪት። ለእሱ። በቀጥታ።

ምንይችል አንዱን ቀሚስ ከክምሩ አነሣ። «የሁለት ጣት ጥለት ዙሪያውን ላስገባና... አንቺ ከላዩ ብትጠልፊበት።»

«ቀለሙ?»

«ቀለሙን አንቺ ነሽ የምታውቂ።»

«ይሞከር። ግን ስማኝ፤ ታርቀናል አላልሁም። ከዛሬ ጀምሮ ስለ እኔ፣ ስለ ቤቴ፣ ስለ ሥራችን የሰማኸውን ሁሉ በሰማህበት ሰዓት ትነግረኛለህ። የሚያስፈራህን ደግሞ አስቀድመህ።»

«እሺ» አለ ምንይችል። ክፋቱ፣ ቃሉን ጠበቀ። «ከእንፍራንዝ ተደውሏል፤ አንዷ ሚዜ ወፍራለች።» «የመብራት ቆጣሪ አንባቢው መጥቶ ሄደ።» «እናቴ ደውላ ሰላም በልልኝ ብላለች፤ ላሟ ወልዳለች፤ ጥጃው ቡሬ ነው፤ አንድ እግሩ—»

«ምንይችል! ጥጃውን ተወው!»

«የቱን መተው እንዳለብኝ አላውቅም» አለ ከምሩ። «አንዴ ራሴ መርጬ አይተሽኛል። ምርጫው ያንቺ ይሁን ብዬ ነው።»

ሳሪት በጣም ተናደደች። ፊቷንም ወደ ጥልፉ መለሰች፤ ፈገግታዋን እንዳያይባት።

*

ዐሥራ ሁለቱ ቀሚሶች ባለቁ በሳምንቱ አባቷ ለምንይችል ላከበት። «ነገሩን ያጠፋህበት ቦታ ሄደህ ተናገር» የሚል ነበር መልእክቱ።

ሰኞ ጠዋት ሦስቱም ወደ ቢሮው ሄዱ፤ አባቷ ከፊት፣ እሷ ከመሀል፣ እሱ ከኋላ። ምንይችል የሆነውን በአንድ ገጽ ጽፎ ፈርሞበታል። ክፍሉ ተራ በሚጠብቁ ሰዎች ተሞልቶ ነበር። ሠራተኛዋ ወረቀቱን አነበበችና መነጽሯን አወለቀች።

«በሚያዝያ ደውዬልህ እነግራቸዋለሁ ያልኸኝ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ምናቸው ነህ?»

ተራ ጠባቂዎቹ ሁሉ ወደ እሱ ዞሩ። ከእነሱ መሀል እንዲህ ያለ ስልክ ዐሥር ዓመት የጠበቁ ነበሩ። ምንይችል ዓይናቸውን ሁሉ ተሸክሞ ቆመና፣ «ያመኑኝ ሰው ነበርሁ» አለ። «ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። እባካችሁ በእኔ ምክንያት ከኋላ አትመልሷቸው።»

ሳሪት ይህን ሰው ከጎን አየችው። እየለመነ ያለው ምን እንደሆነ አሁን ነው በደንብ የገባት። በገዛ አፉ፣ በሰው ፊት፣ ‹እሷን ውሰዱብኝ› ማለቱ ነው። ግድግዳውን ተደገፈች።

ሠራተኛዋ ወረቀቱን ከፋይላቸው ጋር አያያዘችው። ቀን አልሰጠቻቸውም፤ ተስፋም አልሰጠቻቸውም። «አቀርበዋለሁ። ሲወሰን ትጠራላችሁ» አለች።

ውጭ አባቷ ቆሞ ምንይችልን ከላይ እስከ ታች አየው። «ቁጣዬ አላለቀም» አለ። «እኅቴን አንተም እኔም አንመልሳትም። ነገር ግን መጥተሃል።» ከዚያ ወደ ሳሪት ዞሮ ነጠላዋን ከትከሻዋ ላይ አስተካከለላት። «ለራት አትቆዪ» አላት። ከዚያች ዓርብ ወዲህ ሳትለምነው የተናገራት የመጀመሪያው ቃል ነበር። ብቻውን ቁልቁል ሄደ።

ሁለቱ በአስፋልቱ ዳር ቀሩ። ባጃጁ ይጮኻል፤ ሰው ይገፋል።

«አሁንም የሚያናድደኝ ነገር አለ» አለች ሳሪት።

«ተናገሪው።»

«አንድም ቀን ጠይቀኸኝ አታውቅም።»

«ምኑን?»

«‹ትሄጃለሽ ወይ?› ብለህ! አራት ዓመት ሙሉ! ትሄዳለች ብለህ ለብቻህ ወሰንህ፣ ለብቻህ ፈራህ፣ ለብቻህ ደበቅህ። እኔ የት ነበርሁ? አጠገብህ አልነበርሁም? ነግረኸኝ ቢሆን እኮ...» እንባዋ መጣ፤ አልከለከለችውም። «ነግረኸኝ ቢሆን አብረን እንፈራ ነበር!»

ምንይችል አንድ ጭነት መኪና እስኪያልፍ ጠበቀ፤ ወይም ድፍረቱ እስኪመጣ።

«ሳሪት» አለ። «ቢጠሯችሁ ትሄጃለሽ?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ ነበራት። ከልጅነቷ ጀምሮ፣ ለአባቷ፣ በምኩራቡ ለሚያስተምሯት፣ በስልክ ለአክስቷ፣ ሁልጊዜ አንድ መልስ ስትሰጥ ኖራለች። አሁን ያ መልስ ከአፏ አልወጣ አለ። ከሥሩ ሌላ ነበረ፤ ለማንም ያልነገረችው፣ ለራሷም በጨለማ ብቻ የምታምነው።

«አላውቅም» አለች። «አባቴን ብቻውን አልሰደውም። አንተንም... አላውቅም ምንይችል። እውነቴን ነው፤ አላውቅም።»

ይህን ለማን ነው የምትናገረው? ከዓለም ሰው ሁሉ ለእሱ! በራሷ ተገረመች፤ በራሷ በሸቀች።

ምንይችል አልተከራከራትም፤ አልለመናትም። ዝም ብሎ እጁን ዘረጋ፤ የእሷን በቀስታ፣ ፈቃድ እንደሚጠይቅ ያዘ። «እንግዲያው አብረን አናውቅም» አለ።

«እንባህን ጥረግ፤ ሰው ያየናል።»

«የምታለቅሺው አንቺ ነሽ።»

«ዝም በል!» አለችው።

እጇን ግን ከእጁ አላወጣችም።